ለጣና ወፎች የሚሆነው ካሜራ የቱ ነው?

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚሁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ፎቶ ማንሳት በጣም እወዳለሁ። እስካሁን የማነሳው በስልኬ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እየሄድኩ ወፎችን፣ ታንኳ ቀዛፊዎችንና ሰማዩን አነሳለሁ። ወፎቹ ግን ሁልጊዜ ነጥብ ሆነው ነው የሚወጡልኝ። አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ ካሜራ እገዛልሻለሁ ብላኛለች። እስከ 1,600 ዶላር ድረስ እችላለሁ አለች። ቲክቶክ ላይ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፉጂፊልም ኤክስ100 ቪአይ ነው። አንድ ጓደኛዬ ያገለገለ ካኖን 600ዲ ልሽጥልሽ ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሶኒ ካልሆነ ገንዘብ አታባክኑ ትላለች። ፎቶ የሚወዱ ሰዎች በብዛት የሚመርጡት የቱን ነው? እሱን ላስመጣ። ወደፊት ሰርግ እያነሳሁ ትንሽ ገቢ ባገኝም ደስ ይለኛል።

ሐይቅ ወዳዷ፣ ከባሕር ዳር»

መልስ

ውድ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፣ ከዚያ ስላልጠየቅሽኝ ነገር አወራሻለሁ።

ፎቶ በፍቅር የሚያነሱ ሰዎች የሚነጋገሩባቸው ካሜራዎች በአብዛኛው ከአራት ኩባንያዎች አይወጡም፤ ካኖን፣ ሶኒ፣ ኒኮንና ፉጂፊልም። በሽያጭ ከሄድን ካኖን ቀዳሚ ነው። ሌንሳቸው በሚቀየር ዲጂታል ካሜራዎች ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አንደኛ ነኝ ይላል። ከካኖን ብዙ የሚወደሰው አር6 ማርክ 2 ነው። በ2022 ወጣ። ሰርግም ስፖርትም ያነሳል፤ ጨለማ አይበግረውም። ከሶኒ ኤ7 4 አለ፣ 33 ሜጋፒክስል። ባልደረባሽ የምታሞግሰው ያለምክንያት አይደለም። የሶኒ ፎከስ ፈጣን ነው፣ ሌሎች ኩባንያዎችም ብዙ ርካሽ ሌንስ ይሠሩለታል። ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች እሱን የሚይዙት ለዚህ ነው። ኒኮን በ2023 ዜድ ኤፍ የተባለውን አወጣ። መልኩ የድሮውን የፊልም ካሜራ ኤፍኤም2ን ይመስላል። በእጅ የሚዞሩ ቁልፎች የሚወዱ ሰዎች ሲያዩት ልባቸው ይሸፍታል።

ቲክቶክ ላይ ያየሽው ፉጂ የምር ተወዳጅ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ኤክስ100 ቪ በ2020 ወጥቶ፣ ቆየት ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ዝናው ሲናኝ ከየመደብሩ ጠፋ። ሰው ወረፋ ይዞ ይጠብቅ ነበር። ኤክስ100 ቪአይ በ2024 ሲመጣም ያው ሆነ። 40 ሜጋፒክስል ነው፣ ኪስ ሊባል የሚችል ቦታ ይገባል፣ ቀለሙ ያምራል። ለመንገድ ፎቶ፣ ለጉዞ፣ ለቤተሰብ እኔም ብትጠይቂኝ እሱን እልሽ ነበር።

ላንቺ ግን አይሆንም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይሽ።

የዚያ ካሜራ ሌንስ አይወልቅም። 23 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተገጠመ ነው፣ ዙምም የለውም። በዚህ ሌንስ 30 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር ስታነሺ፣ ፎቶው ውስጥ የሚገባው ስፋት 30 ሜትር ገደማ ነው። ፔሊካን ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን፣ የፎቶሽን ስፋት አንድ ሃያኛ ብቻ ነው የሚይዘው። አሁን በስልክሽ የሚያበሳጭሽ ነጥብ ማለት ይኼ ነው። ሲወጣ 1,599 ዶላር የነበረውን ካሜራ ገዝተሽ ያንኑ ነጥብ ጥርት አድርገሽ ታመጪዋለሽ። ካሜራው ውስጥ «አቅርብ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱ ግን ፎቶውን ቆርጦ ማስቀረት እንጂ ማቅረብ አይደለም።

ያንኑ ወፍ፣ ከዚያው 30 ሜትር፣ በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ትንሽ በሆነ ካኖን ብታነሺው የሚገባው ስፋት አንድ ሜትር ከሰባ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ፔሊካኑ ፎቶውን ሞላው ማለት ነው። ዓይኑ ይታያል። ከምንቃሩ ሥር የተንጠለጠለው ቢጫ ከረጢት ላይ ያለው የውሃ ጠብታ ይታያል። አንቺ ደብዳቤሽ ላይ የሚያንገበግብሽ ይህ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ሌንሱ ነው። ቦዲው፣ ማለትም ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻ፣ ሁለተኛ ነው።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ካኖን ኢኦኤስ አር10 ከካኖን አርኤፍ 100–400 ሌንስ ጋር ነው። ሁለቱ ሲወጡ አር10 ቦዲው ብቻ 980 ዶላር፣ ሌንሱ 650 ዶላር ገደማ ነበሩ። ድምሩ እህትሽ ካለችው ጥቂት ያልፋል። ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፣ የዛሬውን እሷ ትጠይቅ። አሜሪካ ውስጥ ካኖን ራሱ የተመለሱ ዕቃዎችን ፈትሾ በቅናሽ የሚሸጥበት መደብር አለው። እዚያ ብታገኝ ከበጀቱ ውስጥ ይገባላችኋል። አር10 ባይመቻት አር50 ከዚሁ ሌንስ ጋር ይሂድ። በ2023 የወጣ ነው፣ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ቁልፎቹ ግን ያንሳሉ።

ለምን አር10? መጀመሪያ፣ ወፍ ያውቃል። ካሜራው ላይ «እንስሳት» የሚለውን ስትመርጪ የወፉን ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ ወፉ ሲንቀሳቀስም አብሮት ይሄዳል። ባልደረባሽ ከምትላቸው ሶኒዎች ኤ6700 ይህን ይችላል፤ ከቦዲውና ከረጅም ሌንሱ ጋር ግን ከበጀትሽ እጅግ ይርቃል። ኤ6400 ዋጋው ይቀርብሻል፤ የእሱ የእንስሳት ዓይን ፎከስ ግን ለወፍ የተሠራ አይደለም። የኒኮን ዜድ50 2 ወፍ ያውቃል፣ ጎበዝ ካሜራ ነው። እዚያ የጎደለው በዚህ የካኖን ሌንስ ዋጋ 400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የኒኮን ዜድ ሌንስ ነው። ካኖንን ያስመረጠኝ ይኼው አንድ ሌንስ ነው። ክብደቱ 635 ግራም ነው፣ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ቢውል አያሰቃይም። ትልልቆቹን የወፍ ሌንሶች እኮ ሰው በትከሻው ነው የሚሸከማቸው። የኒኮን 200–500 ብቻውን ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ሁለተኛው ምክንያት ከተማሽ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከስቱዲዮዎችና ከሰርግ ፎቶ አንሺዎች እጅ የማየው በብዛት ካኖን ነው። እንደ 600ዲ፣ 700ዲ፣ 200ዲ፣ 80ዲ ያሉት። የእነሱ ሌንሶች በቀጥታ አር10 ላይ አይገጥሙም፤ መቶ ዶላር ገደማ የነበረች፣ ኢኤፍ አዳፕተር የምትባል የካኖን ማገናኛ አለች፣ እሷ ካለችሽ ሁሉም ይሠራሉ፣ ፎከሳቸውም ሳይጎድል። የ200ዲ ባትሪ ደግሞ ለአር10ም ያው ነው፣ ኤልፒ-ኢ17 ይባላል። መንገድ ላይ ባትሪ ሲያልቅብሽ የምትለምኚው ሰው አለሽ ማለት ነው። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለአንድ ቀን የሚያውስሽ አይጠፋም። «ተወዳጅ ካሜራ» ለሚለው ጥያቄ እዚህ የምሰጠው ክብደት ይኸኛው ነው፤ ሰፈርሽ ያለው ሰው የያዘው ካሜራ ዕውቀትም ዕቃም ይዞልሽ ይመጣል። ቶኪዮ ወይም ኒውዮርክ ያለው ሰው የሚወደው ካሜራ ባትሪ አያውስሽም።

የዚህን ሌንስ ድክመትም ልንገርሽ፣ ሳታውቂ ገዝተሽ እንዳታዝኚ። 400 ላይ ሲደርስ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው ኤፍ 8 ብቻ ነው፣ ጠባብ ነው ማለት ነው። ብርሃን ይፈልጋል። ገና ፀሐይ ሳትወጣ ባለው ሰማያዊ ብርሃን የሚበር ወፍ ላንሳ ብትዪ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ትንሽ ታገሺ፣ ፀሐይዋ ከፍ ትበል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ለዚህ ሌንስ ተስማሚ ነው። የተቀመጠ ወፍ በ1/500 ሰከንድ የሸተር ፍጥነት (ሸተር ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋው በር ነው) ይያዛል። ለሚበር ወፍ 1/1600 ወይም 1/2000 አድርጊው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ለካሜራው ተይለት፣ ጣሪያውን ግን 6400 ላይ ገድቢው። ሌንሱ መንቀጥቀጥ ይከላከላል፤ ያ የሚከላከለው የእጅሽን ነው፣ የወፉን ክንፍ አይደለም። ጀልባ ላይ ብትሆኚም የሸተሩን ፍጥነት አትቀንሺ።

አር10 በኤሌክትሮኒክ ሸተር በሰከንድ 23 ፎቶ ያነሳል። ማስታወቂያው ላይ ያማልላል። ለሚበር ወፍ ግን አትጠቀሚበት፣ ክንፉ ተጣሞ ይወጣል። በሜካኒካል ሸተር በሰከንድ 15 ያነሳል፣ ያ ይበቃሻል። በጥሬ ፋይል (ካሜራው ሳያሳንስ በሚያስቀምጠው ትልቅ ፋይል) ረጅም ተኩስ ከለቀቅሽበት ግን የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ ቶሎ ይሞላና ያስጠብቅሻል። አጠር አጠር አድርጊው።

ስለ ብርሃኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የሐይቁ አቀማመጥ ነገር ነው። ባሕር ዳር በጣና ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። ዳር ቆመሽ ወደ ውሃው ስታዪ ፊትሽ ወደ ሰሜን ነው፣ የጠዋት ፀሐይ በቀኝሽ ትመጣለች። እንግዲህ ጠዋት ወፎቹ በግራሽ በኩል እንዲሆኑ ቦታሽን ምረጪ። ፀሐይዋ ከጀርባሽ ትሆናለች፣ ላባው ቀለሙን ያወጣል። ማታ ተቃራኒው ነው። ያን ጥቁርና ነጭ ትንሽ ወፍ ታውቂዋለሽ፣ ውሃው ላይ አንድ ቦታ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ቆይቶ እንደ ድንጋይ የሚወረወረው? መማሪያሽ እሱ ይሁን። አየር ላይ ስለሚቆም ፎከስ ለመያዝ ጊዜ ይሰጥሻል፣ ደግሞም ከሰው ብዙ አይሸሽም። ከእሱ በኋላ ወደ ዓሣ አዳኙ ንስር እለፊ። ንስሩ ዛፉ ላይ ለረጅም ሰዓት ይቀመጣል፣ ሲነሳ ግን አያስጠነቅቅሽም። ዋርካዎቹ ላይ የሚጮኸውን ትልቅ ምንቃር ያለውን ወፍም አትርሺ። ዋርካው ፍሬ ሲይዝ ተሰብስበው ይመጣሉ።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ልታነሺ ከሄድሽ ሌንሱ 400 መሆኑን ተጠቀሚበት፣ አትቅረቢ። በንጋትና በምሽት ከውሃ ወጥተው ሣር ይግጣሉ። በእነሱና በውሃው መካከል ፈጽሞ አትቁሚ። ይህን የምለው አንቺ ብቻሽን ጠዋት ስለምትወጪ ነው። አደራ።

ታንኳ ቀዛፊዎቹን በተመለከተ፣ በረጅም ሌንስ ከሩቅ ሰርቆ ማንሳት ይቻላል። ባታደርጊው እወዳለሁ። ደንገል የጫነ ሰው ሥራ ላይ ነው ያለው። ሰላም በያቸው፣ ፈቃድ ጠይቂ፣ በሌላ ቀን ፎቶውን አሳትመሽ ውሰጂላቸው። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይጠሩሻል።

ገዳማቱ ውስጥ ግን ይህ ሌንስ ምንም አይረዳሽም፣ ጨለማ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸው ታውቂያለሽ። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት መግባት ትችያለሽ፣ የግድግዳ ሥዕሎቹም ሌላ ዓለም ናቸው። እዚያ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ነው የሚያስፈልግሽ፣ ሰው ያውስሽ። ፍላሽ አትጠቀሚ፤ የሥዕሉን ቀለም ይጎዳል ስለሚባል ነው፣ አባቶችም አይፈቅዱም። መግቢያው ላይ ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሽ ግቢ። ለሰፊው ሐይቅና ለሰማዩ ደግሞ ለጊዜው ስልክሽ ይበቃል። ሰማይ ላይ የስልክሽ ፎቶ መጥፎ ነው ብለሽ አልጻፍሽልኝም።

ወደ ጓደኛሽ 600ዲ ልምጣ። በ2011 የወጣ፣ 18 ሜጋፒክስል የሆነ ካሜራ ነው። መጥፎ አይደለም። ፎቶ የጀመረበት ሰው ብዙ ነው። ግን የፎከስ ነጥቦቹ ዘጠኝ ናቸው፣ ወፍ አያውቅም፣ ሚረርለሶቹ (እንደ አር10 ያሉት፣ ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች) በጣም ቀድመውታል። እህትሽ ባትኖር ኖሮ ከ55–250 ኤስቲኤም ሌንስ ጋር ግዢው እልሽ ነበር። አሁን ግን አያስፈልግሽም። ጓደኛሽን አመስግኚው፣ ሌንሶቹን ግን ከዓይንሽ አታርቂ፣ በአዳፕተሩ ይሠራሉና።

የትኛውንም ያገለገለ ሌንስ ከመግዛትሽ በፊት ወደ መስኮት አድርገሽ በውስጡ እዪ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ ተዪው። ሐይቅ ዳር ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ይህ በሽታ እዚህ የተለመደ ነው። ያንቺንም ይይዘዋል ካልጠበቅሽው። ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ግዢ፣ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶች ሰብስበሽ ውስጡ አድርጊ፣ ካሜራውን እዚያ አኑሪው። ከረጢቶቹን በየጊዜው ቀይሪያቸው። ሩዝ ውስጥ አታስቀምጪው፣ አቧራው ሌንሱን ይገባበታል። ለወራት ሳትነኪው እንዳይቀመጥም፤ ሻጋታ ጨለማና ጸጥታ ይወዳል።

አር10ም ሆነ ሌንሱ ውሃ አይችሉም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴው ሲሞላ የሚረጨው ጭስ ሰውን ያረጥባል፣ ካሜራን ምን ያህል እንደሚያረጥብ አስቢ። ትልቅ ፌስታል ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ጀልባ ላይም እንደዚያው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ይረጫል።

ስለ ሰርጉ ባጭሩ፦ አር10 የሚሞሪ ቦታው አንድ ብቻ ነው። ሚሞሪው ቢበላሽ የሰው ሰርግ ጠፋ ማለት ነው፣ እሱን የሚተካ ገንዘብ የለም። ኃላፊነት ወስደው ዋና ፎቶ አንሺ የሚሆኑ ሰዎች ሁለት ሚሞሪ የሚይዙ ካሜራዎችን፣ እንደ አር6 ማርክ 2 ወይም ኤ7 4 ያሉትን የሚገዙት ለዚህ ነው። አንቺ ለጊዜው ከሚያውቅ ሰው ጋር ረዳት ሆነሽ ውጪ፣ የተዋስሽውን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዘሽ። ገቢው ከዚያ ይጀምራል። ትልቁን ካሜራ ሥራው ራሱ ይገዛዋል።

አንድ የወቅት ጉዳይ አለ። እህትሽ ለፋሲካ ስትመጣ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው ጣና ዳር የሚከርሙት ወፎች አብዛኞቹ ተመልሰው ሄደዋል። አትከፊ። ፔሊካኑ፣ ንስሩ፣ ያ ተወርዋሪው ወፍ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። እስከ ጥቅምት በእነሱ እጅሽን አፍቺ። የሚመጡት ሲመጡ ፎገራ ሜዳ ሂጂ፣ እርሻው ላይ የሚያርፉትን ረጃጅም እግር ያላቸውን ወፎች ታነሺያቸዋለሽ። ያኔ ካሜራው ለእጅሽ አዲስ አይሆንም።

ለእህትሽ በቴሌግራም የምትልኪላት ይህን ነው፦ «ካኖን አር10፣ ቦዲው ብቻ። ካኖን አርኤፍ 100–400 ሌንስ። የሌንሱ ፀሐይ መከለያ ለብቻው ስለሚሸጥ አትርሺው። ኤልፒ-ኢ17 ባትሪ አንድ ትርፍ፣ ኦሪጅናሉን። የ64 ጊጋ ፈጣን ሚሞሪ ሁለት። ገንዘብ ከተረፈ የኢኤፍ አዳፕተሩን።» ሳጥኑን ሀገር ቤት ከመምጣቷ በፊት ትክፈተው፣ እዚያው ሞክራ ታንሳበት፣ ችግር ካለው መመለስ የምትችለው እዚያ ሳለች ብቻ ነው። ደረሰኙን ትያዝ፣ ጉምሩክ ላይ ቢጠይቋት ይጠቅማታል። ካሜራውንና ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣዋ ታድርጋቸው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚችል እዚህ አይቃጠልብሽም። ጥርሱ ግን የአሜሪካ ነው፣ የሶኬት መቀየሪያ እዚሁ ገበያ ትገዢያለሽ።